የመሪ ጉዞ መስመር ለምታወጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ውጭ ጉዳይ ገብታችሁ የፕሮቶኮል ሥራ የጀመራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አንድ ቀን «የመሪ ጉዞ አዘጋጁ» መባላችሁ አይቀርም። ያኔ አጭሩን መንገድ ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ «በማን ሰማይ ነው የምናልፈው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) የመንግሥት አውሮፕላን ያለ ፈቃድ በሌላ አገር ሰማይ እንዳያልፍ ይከለክላል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ አገር ጥያቄ ይላካል፣ መልስ ይጠበቃል። ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። አንዳንዴ ግን አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላም መንገዱ ይዘጋል።

የቀድሞው የቦሊቪያ ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ የደረሰባቸውን አንብቡ። በጁላይ 2013 ከሞስኮ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የአሜሪካን የስለላ ምስጢር አውጥቶ በአሜሪካ ይፈለግ የነበረውን ኤድዋርድ ስኖውደንን ይዘዋል የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ፈረንሳይን ጨምሮ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች መንገድ ከለከሏቸውና አውሮፕላኑ ኦስትሪያ፣ ቪየና ለማረፍ ተገደደ። ስኖውደን ውስጡ አልነበረም። ፈረንሳይ በኋላ ይቅርታ ጠየቀች፤ የደቡብ አሜሪካ መሪዎች ግን ተቆጥተው በቦሊቪያዋ ከተማ ኮቻባምባ ተሰበሰቡ። በዚህ ሁሉ መሀል እኔ የማከብረው የያኔውን የኦስትሪያ ፕሬዚዳንት ሃይንዝ ፊሸርን ነው፤ ኤርፖርት ድረስ ሄደው እንግዳቸውን አነጋገሩ። ተጠባባቂ ማረፊያ ስትመርጡ የማኮብኮቢያውን ርዝመት አይታችሁ ብቻ አትለፉ። በክፉ ሰዓት መሪያችሁን በክብር የሚቀበል አገር ይሁን።

በየት በኩል እንደተገባም ይታያል። የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2017 እስራኤልን ሲጎበኙ የፍልስጤም አስተዳደር መቀመጫ ወደሆነችው ራማላ አልሄዱም። በፌብሩዋሪ 2018 ግን ራሱን የቻለ ጉዞ አድርገው፣ ከአማን ተነሥተው በዮርዳኖስ ሄሊኮፕተር ራማላ ገቡ። በቴል አቪቭ በኩል ቢገቡ ኖሮ ጉዞው የእስራኤል ጉብኝት ተቀጥላ ይመስል ነበር። የእስራኤል ሄሊኮፕተሮችም አጅበዋቸዋል፤ ማንም ወገን ድንገት አልሰማም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ያወጡ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ።

አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። የካቲት ላይ መሪዎች ለጉባኤ ሲመጡ ፈቃድ የሚጠየቀው ከእኛ ነው። የትንሿ አገር ደብዳቤ ከትልቋ ሥር ተቀብሮ እንዳያድር፤ መልሱ ቢዘገይ እዚያ ማዶ አንድ እንደናንተ ያለ ወጣት ስልኩን ይዞ ተጨንቆ ይጠብቃል። ቀድማችሁ ደውሉለት።