ሞተር ሳይክል ከመግዛትዎ በፊት ሲሞክሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ያለኝ የመለማመጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ሻጩ ያስነዳኛል?

አብዛኞቹ አያስነዱዎትም። የሚጠይቁት «ኤም» (የሞተር ሳይክል ምድብ) ያለበትን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ያለዚያ የራሳቸው ኢንሹራንስ ይከለክላቸዋል። ፈቃዱን ካወጡ በኋላም ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ። የሃርሊ ዴቪድሰንና የቢኤምደብሊው ሻጮች በአብዛኛው ያስሞክራሉ፤ የሆንዳ፣ የያማሃና የካዋሳኪ ሻጮች ግን አዲስ ሞተር ሳይክል ለማስነዳት ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። ለእነዚህ የሚሻለው አምራቾቹ አልፎ አልፎ የሚያዘጋጁትን የሙከራ ቀን መጠበቅ ነው። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጃኬትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይዘው ይሂዱ። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ያለ ሄልሜት መንዳት ክልክል ነው።

ፈርም ያሉኝ ወረቀት ምን ያስከትልብኛል?

ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዟል፦ ቢጎዱ ሻጩን እንዳይከሱ፣ ሞተር ሳይክሉ ቢጎዳ እርስዎ እንዲከፍሉ። ስለዚህ «ቢወድቅ እስከ ስንት እከፍላለሁ? ያስያዝኩት ገንዘብስ መቼ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። በቃል የተነገረ አይቆጠርም። የሙከራ ሞተር ሳይክል በብዛት የሚወድቀው ደግሞ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በዝግታ ሲጠመዘዝ ነው። መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን ከተያዘ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይጥለዋል። በዝግታ ሲዞሩ የኋላ ፍሬን ብቻ ይጠቀሙ። አዲስ ጎማም እስኪሟሽ ድረስ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያንሸራትታል።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ላይ 20 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ምን ልይ?

ግማሹን ጊዜ ሳይነዱ ይጠቀሙበት። መጀመሪያ ኢንጂኑን በእጅዎ ይዳብሱ፤ መቀዝቀዝ አለበት። ሞቆ ከጠበቀዎት የጠዋት ማስነሳት ችግሩን እየደበቁልዎት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን እመጣለሁ ይበሉ። ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነና ነጩ ጭስ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

የጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ መንገድ አይይዝም። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናውም ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ። የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የዘይት ቀለበት ካዩ ጎሚኒው ያፈሳል።

ከዚያ ይንዱ። ቀጥታ መንገድ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ይስጡ፣ ይቀንሱ፣ መልሰው ይስጡ። ማርሹ በራሱ ከዘለለ ሞተር ሳይክሉን ይመልሱ፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ጥርስ ተበልቷል፣ ለመጠገን ኢንጂኑ መከፈት አለበት፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከቅናሹ ይበልጣል። በከፍተኛ ማርሽ በድንገት ነዳጅ ሲሰጡ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፍሬን ሲይዙ ሊቨሩ በጣትዎ ላይ ከተርገበገበ ዲስኩ ተጣሟል። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራት ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ትንሽ እንደተንቀሳቀሱ መጥፋት አለበት። ጭራሹኑ ካልበራም ይጠርጥሩ፤ አምፖሉን ነቅለውት ይሆናል።

አዲስ አበባ ነኝ፤ ሞተር ሳይክሉ ሰሌዳ ስለሌለው ሻጩ ግቢ ውስጥ ብቻ ንዳ ይለኛል። ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል፤ ሻጩም ልክ ነው። ኢንጂኑን ያስነሱ፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቀው ይዘው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ኢንጂኑ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ቀጥሎ በመሃል ማቆሚያው አቁመው ሰው ከኋላ ይጫንልዎትና የፊት ጎማው ይነሳ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞሩት መሃል ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘ የመሪው ኩሽኔታ ተጎድቷል። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጡት ኢንጂኑ የሚዞርበትን ዙር)፣ የፍሬን መብራቱን (ከእጅም ከእግርም)፣ ጥሩምባውንና ፍሬቻውን ለመሞከር ይበቃል።

ሞክሬ ካልወደድኩት የመግዛት ግዴታ አለብኝ?

የለብዎትም። ያስያዙትን ገንዘብና መንጃ ፈቃድዎን ተቀብለው ይውጡ።