መልስ፦ ዕቃውን ኩባንያ ከሰጠ የተማሪዎቹ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?

ሰላም ወንድሜ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቤት ሠርተው ይወዳደሩበት በነበረው በአሜሪካው የሶላር ዴካትሎን ውድድር ኩባንያዎች የፀሐይ ፓነልና ገንዘብ ይሰጡ ከነበረ ቤቱን የተማሪዎቹ ሥራ ማለት ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል! ፓነል ማግኘቱ ቀላሉ ነው፤ ጭንቁ ቤቱን በፀሐይ ብቻ እንዲኖርበት አድርጎ ማቀዱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. የ2015ቱን አሸናፊ፣ የኒው ጀርሲውን ዩኒቨርሲቲ የስቲቨንስ ኢንስቲትዩትን ቤት ተመልከት። ልጆቹ የተነሱት እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በባሕር ዳርቻቸው ካደረሰው ጥፋት ነው። ጎርፍ እንዳይገባ የቤቱን የታችኛውን ክፍል ጀልባ በሚሠራበት ፋይበርግላስ ለበጡት። የመስኮቶቹ ትልልቅ መከለያዎችም ሲከፈቱ ጥላ ይሆናሉ፣ በላያቸው ያለው ፓነል ውኃ ለማሞቅ ኃይል ይሰጣል፤ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ታጥፈው ቤቱን ይዘጉታል። ይህን ሐሳብ ከመጋዘን አውጥቶ የሚሰጥ ኩባንያ የለም።

በዚያ ውድድር ዳኞቹም ቤቱን ዞረው አይተው ብቻ አይሄዱም ነበር። ልብስ ይታጠብ፣ ምግብ ይበስል፣ ቡድኖቹም እርስ በርስ እራት ይገባበዙ ነበር፤ የቤቱ ሙቀት ከተወሰነለት ልክ ከወጣ ነጥብ ይቀነስ ነበር። ቤቱ በእርግጥ የሚኖርበት መሆን ስላለበት፣ በእኔ እምነት የኩባንያዎቹ ትልቁ ውለታ ዕቃው ሳይሆን ተማሪውን ከግንባታ ባለሙያ ጎን ማሠራታቸው ነው።