በ2፡45 የሚገባውን ቡድን ለሚመሩ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የሩጫ ቡድን ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው አያውቁም። በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚገባውን ቡድን እንድመራ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። ብቻዬን ስሮጥ 2፡10 አካባቢ ስለምገባ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሮጥ ምን ይከብዳል ብዬ ተቀብያለሁ። ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?
(ከሂርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ አቅምዎ ይበቃል። አሯሯጭ ለራሱ ቢሮጥ ከሚመራው ሰዓት ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ መግባት የሚችል ሰው መሆን አለበት፤ እየተናገረ፣ ወደ ኋላ እየዞረና ባንዲራ ይዞ ነውና የሚሮጠው። "ምን ይከብዳል" በሚለው ግን አንስማማም። በትልልቅ ውድድሮች የምናያቸው አሯሯጮች ፊት ያሉትን ጥቂት ሰዎች ጎትተው መንገድ ላይ ያቋርጣሉ። እርስዎ ግን እስከ መጨረሻዋ መስመር ይዘዋቸው ሊገቡ ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ቫሌንሲያ ላይ ይህንኑ ርቀት የጨረሰችው በ1፡02፡52 ነው። የእርስዎ ሰዎች መንገድ ላይ የሚቆዩት ከዚያ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ስለሆነ ውሃውም፣ ፀሐዩም፣ የጫማው መፋተግም በዚያው ልክ ይበዛባቸዋል። ሥራዎ የሚለካው በ18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ሰው አጠገብዎ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንያዝ። ርቀቱ 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። በ2፡45 ለመግባት አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 7 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ (7፡49) ሊወስድ ይገባል። በዚህ አካሄድ 5 ኪሎ ሜትር ላይ 39፡06፣ 10 ላይ 1፡18፡12፣ 15 ላይ 1፡57፡19፣ 20 ላይ 2፡36፡25 ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ይጻፉና በስኮች ሸፍነው የእጅ አንጓዎ ላይ ይጠቅልሉት፤ ላብም ዝናብም አያጠፋውም።

የጂፒኤስ ሰዓት ካለዎት አንድ ወጥመድ አለ። የውድድር መንገድ የሚለካው ሯጭ ሊያልፍበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው። እናንተ ግን ሰው ትሸሻላችሁ፣ ኩርባውን በሰፊው ትዞራላችሁ፣ ወደ ውሃ ጠረጴዛ ትወጣላችሁ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ 21.3 ወይም 21.4 ቢጽፍ አይደነቁ። ሰዓትዎ ላይ 7፡49ን ብቻ ከጠበቁ ወደ ሁለት ደቂቃ ዘግይተው ይገባሉ። ሰዓቱ 7፡44 አካባቢ እንዲያሳይ አድርገው ይሩጡ። የቅጽበቱን ፍጥነት ሳይሆን የኪሎ ሜትሩን አማካይ ይመልከቱ፤ በዛፍና በሕንፃ መካከል የቅጽበቱ ቁጥር ይዘላል። ከሁሉም በላይ የሚታመነው በመንገዱ ዳር የተተከለው የኪሎ ሜትር ምልክት ነው። እዚያ ሲደርሱ ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። ምልክቶቹ በደንብ ከተተከሉ ተራ የእጅ ሰዓትም ይበቃል።

ለእንዲህ ዓይነት ቡድን ሳያቋርጡ ከመሮጥ ይልቅ 4 ደቂቃ ሩጦ 1 ደቂቃ መራመድ ይሻላል ባይ ነን። አራቱን ደቂቃ በ7፡10 ሮጠው፣ አንዷን ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃ፣ ማለትም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚሆን አካሄድ ቢራመዱ፣ አማካዩ 7፡48 ይመጣል። በትክክል የሚፈልጉት ነው። በሰዓትዎ ላይ ያለችውን ትንሽ ትርፍ ደግሞ ፈጠን ብሎ በመራመድ ያገኟታል። ጥቅሙ የሚታየው ባትና ጉልበት በየአምስት ደቂቃው ስለሚያርፉ ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ነገር ግን እርምጃው ከመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ጀምሮ መወሰድ አለበት። "አሁን አልደከመንም፣ እንለፈው" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሺ አይበሉት። ከደከሙ በኋላ የሚጀመር እርምጃ እረፍት አይሆንም፤ ተመልሶ መሮጡ ራሱ ጭንቅ ነው።

ወደ እርምጃ ሲገቡ ድንገት አይቁሙ። 10 ሰከንድ ሲቀረው እጅዎን ከፍ አድርገው ይጥሩና ቡድኑን ወደ መንገዱ ቀኝ ዳር ይውሰዱ። ሳይነገራቸው ከኋላ የሚመጡ ሯጮች ጀርባ ላይ ይወጣሉ፤ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሁኑ፤ ቢበዛ ሦስት።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ቡድኑን ጠንከር ብለው ይያዙት። ሙዚቃ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ሁሉም እየሮጠ ያልፋችኋል፤ ቡድኑ በ6፡50 መሄድ ይፈልጋል፤ ደስ ስለሚልም ማንም ቅሬታ አያሰማም። የዚያ ዋጋ የሚከፈለው 14ኛው ላይ ነው። በ8፡05 አካባቢ ይጀምሩ። የጎደለችውን 16 ሰከንድ በሚቀጥሉት አምስት ስድስት ኪሎ ሜትሮች በሦስት በሦስት ሰከንድ ይመልሷታል፤ በአንድ ጊዜ ለመመለስ አይሞክሩ። መነሻው ላይ ከኋላ ይሰለፉ። ውድድሩ ቺፕ (የእያንዳንዱን ሯጭ ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ) ካለው የእናንተ ሰዓት የሚጀምረው መነሻውን ምንጣፍ ስትረግጡ ነውና "ተኩሱ ከተሰማ ሦስት ደቂቃ ሆኗል" ብሎ የሚጨነቅ እንዳይኖር አስቀድመው ይንገሯቸው።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ከሰዓቱ ይልቅ ጆሮዎ ይነግርዎታል። 5ኛው ላይ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመለሱ ደህና ነው፤ "አዎ" እና "እሺ" ብቻ ከሆነ ፈጥነዋል ማለት ነው። ዝም ያለችዋን ሴት ወይም ዝም ያለውን ሰው በተለይ ያናግሩ። ቡድናችሁ ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም ተናጋሪ ካለ በሁለቱም ይጥሩ፤ "ሱታ" (ቀስ) ማለት ባለበት "ሱታ"፣ "ጀባዻ" (በርቱ) ማለት ባለበት "ጀባዻ"። የደከመ ሰው በአፍ መፍቻው ሲጠሩት ቶሎ ይሰማል። 18ኛው ላይ ግን "ደረስን" አይበሉ፤ ገና 24 ደቂቃ አለ። "አምስት የእርምጃ እረፍት ቀርቶናል" ማለት እውነትም ነው፣ በጣት የሚቆጠርም ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የምንለማመደው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው የጅሬን ዳገት ነው። ዳገቱ ላይ ቡድኑ ሁልጊዜ ይበታተንብኛል። ፍጥነቴን ልጠብቅ ወይስ ሰዎቹን?
(ከጊንጆ፣ ጅማ)

መልስ፦ ትንፋሹን ይጠብቁ። መንገዱ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በዚህ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ መጨመር ተገቢ ነው። በ100 ሜትር አራት ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ 7፡49 የነበረው 9 ደቂቃ ቢሆን ምንም ጥፋት የለበትም። በዚያ ላይ 7፡49ን የሙጥኝ ካሉ ጠንካሮቹ ከእርስዎ ጋር ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ይቀራሉ፤ የደረሰብዎትም ይኸው ነው። አጠር አጠር ያለ እርምጃ፣ ዓይን 10 ሜትር ፊት፣ ክንድ ወደ ኋላ። ዳገቱ ቀጥ ካለ አራቱን በአንድ ትተው 1 ደቂቃ ሩጫ 1 ደቂቃ እርምጃ ያድርጉት፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እስኪሰባሰቡ አንድ ደቂቃ ይራመዱ።

ቁልቁለቱ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም፤ ግማሹን ቢመልስ ነው። እርምጃ አስረዝሞ ቁልቁል መብረር የጭን ጡንቻን ይቀጠቅጣል፤ ሕመሙም የሚመጣው ወዲያው ሳይሆን በኋላ ሜዳው ላይ ነው። ስለዚህ የውድድሩን መንገድ አስቀድመው በእግር ወይም በባጃጅ ዞረው ዳገቱ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ይወቁና የወረቀትዎን ቁጥሮች ያስተካክሉ።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሯጭ ትንፋሹ ይቀለዋል፤ ቀሎት ይፈጥናል፣ ከዚያ ሙቀቱና ወበቁ ይይዘዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳ የ2፡45 ቡድን የሚገባው 3 ሰዓት ከ45 ነው፤ የመጨረሻው ሩብ ፀሐይ ላይ ነው። ልምምዱንም በዚያ ሰዓት የሚያልቅ አድርጉት። ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ጀምሮ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ቡድን ፀሐዩን የሚያውቀው በውድድሩ ቀን ይሆናል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ከኮብልስቶን ይልቅ አስፋልቱን ይምረጡ፤ የረጠበ ኮብልስቶን በተለይ ቁልቁል ላይ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ሁላችንም እንጠብቀዋለን። ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብለን ነው። ትክክል ነን?
(ከጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ)

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አሠራሩ ግን ሌሎቹን ይጎዳል። ለአንድ ሰው ብሎ ባንዲራውን የያዘው ከዘገየ 15 ሰው ያሰበበት ሰዓት ያልፈዋል። መፍትሔው መሪውን ሁለት ማድረግ ነው። አንዱ ባንዲራ ይዞ ፊት፣ ሌላው ከመጨረሻው ሰው ጋር። ለ15 ወይም ለ20 ሰው ሁለት መሪ ይበቃል። የፊተኛው ሰዓቱን አይለቅም። የኋለኛው የቀረውን ሰው ይዞ በሚቀጥለው እርምጃ ላይ ቡድኑን ለመድረስ ይሞክራል፤ ሳይሯሯጡ ቢሆን ነው የሚሻለው። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልደረሱና ርቀቱ ከ200 ሜትር ካለፈ ለ3 ሰዓቱ ቡድን ያስረክበዋል፤ የዚያ ቡድን አካሄድ 8፡32 ነው። ይህን ደንብ ከሳምንት በፊት በልምምድ ላይ፣ ሁሉም ባለበት ይንገሩ። አስቀድሞ የሰማው ሰው አይከፋውም፤ ውድድሩ ላይ ድንገት ከሆነበት ግን እንደተጣለ ይሰማዋል።

ከድካም የሚለዩ ምልክቶች አሉ፤ እነዚህን ሲያዩ ሰዓቱ ይቅር። የደረት ሕመም፣ መንገዳገድ፣ የተዘበራረቀ ንግግር፣ በፀሐይ ውስጥ "በረደኝ" ማለት። ከመሪዎቹ አንዱ ይቆማል፣ ሰውየውን ወደ ጥላ ይወስዳል፣ ለአምቡላንስ ይደውላል። ሰውነቱ የጋለና የሚቀባጥር ከሆነ አምቡላንሱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፈው አይጠብቁ፤ ልብሱን አላልተው ያገኙትን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ መላ ሰውነቱ ላይ ያፍስሱ፣ ያራግቡ። ንቃቱ ካልተስተካከለ በአፉ ምንም አይስጡት። የጎን ውጋት ግን አያስፈራም፤ ፍጥነት ቀንሶ፣ የተወጋውን ቦታ በእጅ ጫን አድርጎ አየሩን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ውሃ እንጠጣ? ጠዋትስ ምን በልተን እንውጣ? ከመካከላችን ጿሚዎችም አሉ።
(ከሂርማታ መርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሲጠማ ይጠጣ። እንደየሰው ክብደትና እንደ ሙቀቱ በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ቀላል ሰው ወደ 400ው ይጠጋል። ብዙ የሚነገረው ውሃ ስለማነስ ነው፤ ቀስ ብለው በሚሮጡ ሰዎች ላይ ግን ከልክ በላይ መጠጣትም እኩል አደጋ ነው። በየጠረጴዛው አንድ ሃይላንድ የሚጨርስ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ይቀጥንበታል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ሲብስም መደናገር ያመጣል። ለእርሱ ተጨማሪ ውሃ መስጠት ማባስ ነው፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ጫፍ ይለፉና ከመጨረሻው ያንሱ፤ መጀመሪያው ላይ ሁሌም ግፊያ ነው። እርምጃዎን ከጠረጴዛው ጋር ያገጣጥሙት። ክዳኑ የተዘጋ ሃይላንድ መንገድ መሃል አይጣል፤ የሚረግጠው ሰው ይወድቃል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር የሚሰጥ ምግብ ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ተምርም ጥሩ ነው፤ ፍሬውን አስቀድመው ያውጡለት። ውድድሩ ላይ አዲስ ነገር አይሞከር፤ በልምምድ ያልተበላ አይበላ። ጠዋት፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ዳቦ በማርና ሻይ ይበቃል። ሽሮና ባቄላ ለማታ ይቆይ፤ ሆድ ይነፋሉ። በረመዳን ረጅሙን ልምምድ ካፈጠሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ ከማፍጠሪያው በፊት ከሆነ አጭርና ቀስ ያለ ብቻ። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ቢቀርም ጉልበቱ ከእህልና ከፍራፍሬ ስለሚመጣ ሩጫውን አያስተጓጉልም።

ጥያቄ፦ ሰልባጅ ጫማ ገዝቼ ልሮጥ እችላለሁ?
(ከጅማ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ መርምረው ይግዙ። ተረከዙ ከአንድ ወገን ብቻ የተበላውን ይተዉ። ሶሉን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ስፖንጁ ትንሽ ካልገባ ደርቋል። የጫማውን የፊት ጫፍ ይዘው ይጠፉት፤ ጫማው በጣቶቹ መታጠፊያ ላይ መታጠፍ አለበት፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ አይጠቅምም። ማስቲሹ የለቀቀ ካለ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይገነጠላል። በረጅሙ ጣትዎና በጫማው ጫፍ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ፤ በሁለተኛው ሰዓት እግር ያብጣልና። ከውድድሩ በፊት ቢያንስ 60 ኪሎ ሜትር ይሩጡበት፤ የሚፋተገው ቦታ ላይ ቫዝሊን ይቀቡ።