ትርፍ አንጀት ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት እህቴን እንብርቷ አካባቢ አሟት አደረና በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዷ ወረደ። ሐኪሙ አልትራሳውንድ አይቶ «ትርፍ አንጀት ነው» በማለት በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና አደረገላት፤ አሁን ደህና ናት። በቅርቡ ግን አሜሪካ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ በመድኃኒት ብቻ ዳነ። እህቴ ሳያስፈልጋት ተቀድዳ ይሆን?

መልስ፦ ከጻፉልኝ በመነሣት በሐኪሙ ውሳኔ ላይ ስህተት አይታየኝም፤ የአጎትዎ ልጅ ያገኘው ሕክምናም በጥናት የተደገፈ ነው። ልዩነቱ ያለው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ስለ ትርፍ አንጀቱ ምን ያህል ታውቆ ነበር በሚለው ላይ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ 530 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ከፊሎቹን በቀዶ ጥገና፣ ከፊሎቹን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያከመ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። መድኃኒት ከወሰዱት ውስጥ 27 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው ሲሆን፣ በ5 ዓመት ክትትል ቁጥሩ ወደ 39 በመቶ ከፍ ብሏል። ብዙዎች ከቢላ መዳናቸው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁሉም አስቀድመው በሲቲ ስካን የታዩ ነበሩ፤ ትርፍ አንጀታቸው የተበሳ፣ መግል የቋጠረ ወይም በውስጡ ጠጠር ያለበት ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም። ጠጠር የምንለው በትርፍ አንጀቱ ቀዳዳ ውስጥ ደርቆ የተወተፈ ዓይነ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ጠጠር ያለባቸውንም ጨምሮ ነበር፤ መድኃኒት ከተሰጣቸው መካከል በ90 ቀናት ውስጥ ወደ ቀዶ ጥገና የሄዱት ጠጠር ካለባቸው 41 በመቶ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 25 በመቶ ነበሩ።

ሲቲ ስካን በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ የሚመረምረው በእጁ ነው፤ ቀኝ ታችኛውን ሆድ ቀስ ብሎ ይጫንና ድንገት ሲለቀው ሕመምተኛዋ ይበልጥ ከተሰቃየች፣ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ መቆጣቱን ይረዳል። ከዚያም የምግብ ፍላጎት መጥፋትን፣ ትኩሳትንና የነጭ የደም ሴል ቁጥርን አንድ ላይ ይመዝናል። ወጣት ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራ ሊታለፍ አይገባም፤ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናና የእንቁልጢ ችግር ተመሳሳይ ሕመም ያመጣሉና። አልትራሳውንድ ይረዳል፤ ግን ትርፍ አንጀቱ ሁልጊዜ አይታይበትም፣ ጠጠርም ሊያመልጠው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ቀዶ ጥገናን የመረጠ ሐኪም፣ በእኔ እምነት፣ ለሕመምተኛዋ ተጠንቅቋል።

የሚያሳስበኝ ግን እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምተው ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን የሚውጡ ሰዎች ናቸው። በጥናቶቹ ሕክምናው የተሰጠው በሐኪም ክትትል ሲሆን፣ በፊንላንዱ ጥናት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት መድኃኒት በደም ሥር ነበር። ሕመሙ በድንገት ቀለል ብሎ ቆይቶ መላ ሆድን ካዳረሰና ትኩሳት ካስከተለ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ለአጎትዎ ልጅም ይንገሩልኝ፤ ሕመሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከተመለሰበት በዚያው ቀን ይታይ፣ ከዚህ በፊት በመድኃኒት መታከሙንም ለሐኪሙ ያስረዳ።