ልጆችን ዱባይ መጫወቻ ፓርክ ለመውሰድ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሒሳቡን ሁሉ በድርሃም አስቀምጫለሁ፤ ብሩ ስለሚንቀሳቀስ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። ስለዚህ በዶላር ማሰብ ለሚቀላችሁ ለ3.67 እያካፈላችሁ ሂዱ።

ጥያቄ (የሦስት ልጆች እናት፣ ሳቢያን)፦ ልጆቼ 11 ዓመት፣ 7 ዓመት፣ ትንሹ ደግሞ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ናቸው። መቼ ብንሄድ ይረክስልናል?

እህቴ፣ በትንሹ ልጅ እንጀምር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእናቱ ጭን ስለሚሄድ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው የራሱ ወንበር ይያዝለታል፤ ክፍያውም ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ወላጆች የሚሳሳቱት የመሄጃውን ቀን ብቻ አይተው ነው። ልጁ እዚያ እያላችሁ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው ወንበር ይጠየቅበታል። እንግዲህ ያላችሁ አራት ወር ነው፤ መመለሻችሁ ከልደቱ በፊት ይሁን።

ወሩን በተመለከተ ሐምሌና ነሐሴ ይረክሳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጎብኚ ይቀንሳል፣ ሆቴሎችም ዋጋ ያወርዳሉ፤ የኛም ልጆች ትምህርት የላቸውም። «ሙቀት ለምደናል» ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ሲመሽም ነፋስ አለው። የዱባዩ የባሕር እርጥበት ስላለበት ሌሊትም አይለቅም፤ ሕፃን ይዞ ውጭ መዋል አይቻልም። ስለዚህ በክረምት ከሄዳችሁ ጣሪያና ማቀዝቀዣ ያላቸውን ፓርኮች ምረጡ፤ ዱባይ ላይ አይኤምጂ ወርልድስ፣ አቡዳቢ ላይ ዋርነር ብሮስ ወርልድ። ሌጎላንድ አብዛኛው ክፍሉ ውጭ ነው፤ እሱ የኅዳርና የጥር ፓርክ ነው።

የፈረንጆች አዲስ ዓመትንና ሁለቱን ዒዶች ሽሹ። በዒድ የባሕረ ሰላጤው ሰው ራሱ ለዕረፍት ስለሚወጣ የሆቴሉ ዋጋ ይሰቀላል፣ ሰልፉም ይረዝማል።

ሌላም አለ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው ውሳኔ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ማለትም ከሐምሌ 8 እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ከወላጅ ጋር ለሚገቡ ከ18 ዓመት በታች ልጆች የቱሪስት ቪዛ ክፍያ አይጠየቅም። ወኪሉ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፤ ሒሳቡን ለየብቻ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (ሐረር፣ አራተኛ)፦ እስከ አዲስ አበባ በባቡር ወይም በመኪና ሄደን ከዚያ ብንበር አይሻልም?

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይሻል ይሆናል፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ ግን ሒሳቡን በደንብ ሥሩ። ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ለቡ ነው። ከዚያ ቦሌ ድረስ ታክሲ አለ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ አለ፣ የአምስት ሰው ራትና ቁርስ አለ፤ ስትመለሱም ይኸው ይደገማል። ይህን ደምራችሁ ከድሬዳዋ ዱባይ ድረስ በአንድ ትኬት ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቁ።

«በአንድ ትኬት» የምለው በምክንያት ነው። የድሬዳዋ በረራ ዘግይቶ የዱባዩ ቢያመልጣችሁ፣ ትኬቱ አንድ ከሆነ ቀጣዩን በረራ የሚፈልግላችሁ አየር መንገዱ ነው። ሁለት ትኬት ለየብቻ ከገዛችሁ ግን ያመለጠው የአምስት ሰው ትኬት በእናንተ ላይ ይቀራል። ሻንጣም አለ፤ የአገር ውስጥ በረራ የሻንጣ ገደብ ከዓለም አቀፉ ያነሰ ነው። ዕቃ ገዝታችሁ ስትመለሱ ቦሌ ላይ ለትርፍ ኪሎ የምትከፍሉት ያተረፋችሁትን ገንዘብ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ትኬት ስንቆርጥ ስም ላይ ምን እንጠንቀቅ?

በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይጻፍ። እኛ ዘንድ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስምም አይገጥምም። ወኪሉ «ቤተሰብ ናቸው» ብሎ ለሁሉም አንድ የመጨረሻ ስም ከጻፈ እርማቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ በረራው ከቀረበ ደግሞ አዲስ ትኬት ሊሆን ይችላል። ስሙ ስለማይገጥም የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት ተርጉማችሁ ያዙ፤ ልጁን የሚወስደው አንዱ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላው የፈቃድ ሰነድም ይኑር። የሁሉም ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን ዛሬውኑ እዩ።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች አባት፣ ከዚራ)፦ ለአንድ ሳምንት ነው የምንሄደው። ስንት ፓርክ እንግባ? የሁለትና የሦስት ፓርክ ጥቅል ትኬት ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ሁለት የፓርክ ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው አብዛኛው ለድካም ነው። የትልልቆቹ ፓርኮች የቀን ትኬት ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 400 ድርሃም አካባቢ ነው። በ330 ብናስበው ለአራት ሰው 1,320 ድርሃም፣ ወደ 360 ዶላር ማለት ነው፤ ይህ እንግዲህ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በሁለቱ ፓርኮች መካከል አንድ ቀን ዕረፍት አድርጉ፤ ትናንት አሥር ሰዓት ሙሉ በእግሩ የዋለ ልጅ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ማልቀስ ይጀምራል፣ ትኬታችሁም ግማሹ ይቀራል። ጥቅል ትኬት የሚያዋጣው በተለያዩ ቀናት የምትጠቀሙበት ከሆነ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ፓርክ የሚለው ከትናንሽ ልጆች ጋር አይሆንም።

ከመክፈላችሁ በፊት ቁመት ለኩ። ልጁን ጫማ አስወልቃችሁ ተረከዙን ከግድግዳ ጋር አጣብቁ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ አናቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከወለል እስከ ምልክቱ በሜትር ለኩ። ፀጉሩን ከላይ ያሰረች ልጅ ፈትታ ትለካ። ከዚያ በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን መጫወቻ የቁመት ገደብ እያያችሁ ልጁ የሚገባበትን ቁጠሩ። ለምሳሌ አቡዳቢ ያለው ፌራሪ ወርልድ የሚታወቀው በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚበረው ፎርሙላ ሮሳ ነው፤ እሱ ደግሞ 140 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። የ7 ዓመት ልጅ በብዛት 120 አካባቢ ነው። ከሩቅ እያየ እንዲያለቅስ ሙሉ ትኬት መግዛት ለልጁም ግፍ ነው። ሌጎላንድ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ የተሠራ ስለሆነ ለትናንሾች ብዙ አለው፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን ይሰለቸዋል። የመግቢያ ዋጋውንም አንዳንዱ ፓርክ በዕድሜ፣ አንዳንዱ በቁመት ስለሚወስን ልኬቱ እዚያም ያስፈልጋችኋል።

ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙ፤ በር ላይ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ቀኑ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያ አገር የዕረፍት ቀናት ቅዳሜና እሑድ ናቸው፣ ዓርብም ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም፤ አርብ ዋናው የዕረፍት ቀን ነው የሚለው የድሮ መረጃ ነው። በሥራ ቀን ከሄዳችሁ ሰልፍ ለማለፍ የሚሸጠውን ተጨማሪ ትኬት አትግዙ። በር ሲከፈት ግቡና መጀመሪያ ወደ ውስጠኛው ጥግ ሂዱ፤ ሰው ሁሉ በር አጠገብ ባለው መጫወቻ ላይ ይሰለፋል።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ትሠራለች። በነዋሪ ቅናሽ ትግዛልን?

የነዋሪው ቅናሽ በየሰዉ የነዋሪነት መታወቂያ የሚጠየቅበት ነው። እሷ ስለገዛችው እናንተ ነዋሪ አትሆኑም፤ በር ላይ ሲጠየቅ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ ወይም ትመለሳላችሁ። መደበኛውን ትኬት ግን እሷ በካርዷ ገዝታ ኮዱን በስልክ ብትልክላችሁ ምንም ችግር የለውም፤ ይህ ካርድ ለሌላችሁ ዋናው መፍትሔ ነው።

ጥያቄ፦ ካርድ ከሌለንስ? ገንዘብስ በምን እንያዝ?

በብር የሚሠራው የኤቲኤም ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ትኬት ይዛችሁ ወደ ባንካችሁ ሂዱ፤ የተፈቀደውን የውጭ ምንዛሪ በጥሬውና በዓለም አቀፍ ካርድ ላይ መከፋፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለበረራው ሁለት ቀን ሲቀር ሳይሆን ቪዛው እንደወጣ ሂዱ። እዚያ በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ይቆረጥ ብሎ ከጠየቀ «በድርሃም» በሉ፤ በሌላ ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው የሱቁ ማሽን ነው፣ ከፍ አድርጎ ነው የሚወስነው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ነምበር ዋን ሰፈር)፦ ሆቴል የት ይሻላል? በኢንተርኔት 250 ድርሃም የሚል አይቻለሁ።

ያ 250 የመጨረሻው ዋጋ መሆኑን ታች ድረስ ወርዳችሁ አረጋግጡ። ዱባይ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት፣ 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመራል፤ 250 የነበረው ከ305 ያልፋል። በ7 ሌሊት ልዩነቱ 385 ድርሃም ነው፤ የአንድ ሰው የፓርክ ትኬት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በየሌሊቱ ለየክፍሉ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ አለ።

ለአምስት ሰው ከሁለት የሆቴል ክፍል ይልቅ ኩሽና ያለው አፓርታማ ሆቴል ይሻላል። ዴይራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ርካሽ ነው፣ የኛ ምግብ ቤቶችም እዚያው አሉ። ችግሩ ርቀቱ ነው፤ ሞሽንጌት የሚባለው ፓርክና ሌጎላንድ ያሉት ወደ አቡዳቢ በሚወስደው መንገድ ጀበል ዓሊ አካባቢ ስለሆነ ከዴይራ በታክሲ አንድ ጊዜ ከ100 ድርሃም በላይ ይሄዳል። ደግሞ ተራ ታክሲ አራት ሰው ነው የሚጭነው። ስለዚህ በቀዩ የሜትሮ መስመር ጣቢያ አጠገብ ያዙ። የሜትሮ ጉዞ ኖል በሚባለው የመክፈያ ካርድ፣ በብርማው (ሲልቨር) ዓይነት፣ እንደርቀቱ 3፣ 5 ወይም 7.50 ድርሃም ነው፤ ካርዱ በ25 ድርሃም ይሸጣል፣ 19ኙ ለጉዞ ይቀመጣል። ከ5 ዓመት በታች በነፃ ነው። ባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ወደ አቡዳቢ ከኢብን ባቱታ ጣቢያ ኢ101 አውቶቡስ በ25 ድርሃም ይወስዳል፤ ፌራሪ ወርልድና ዋርነር ብሮስ ባሉበት የአቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ደግሞ በፓርኮቹ መካከል ነፃ አውቶቡስ አለ።

ጥያቄ፦ ምግብ ይዘን ብንሄድስ?

አብዛኞቹ ፓርኮች የውጭ ምግብ አያስገቡም፣ የሕፃን ምግብ ሲቀር። ስለዚህ አፓርታማው ውስጥ ጠንከር ያለ ቁርስ በሉ፤ በሶ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የምሳ ሰልፍ ሳይጀምር ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ምግብ ገዝታችሁ ተካፈሉ፤ ራት ወጥታችሁ ብሉ። ባዶ የውኃ ኮዳ ይዛችሁ ውስጥ ከቧንቧ ሙሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልንገራችሁ። ጫት በኤምሬትስ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ጥቂት ቅጠል እንኳን እስር ቤት ያስገባል። አወዳይና ሐረር የዋለ ሻንጣ፣ የጃኬት ኪስ፣ የልጅ ቦርሳ ሁሉ ተገልብጦ ይራገፍ። «ለዘመድ አድርሱልን» የተባለውን የታሸገ ዕቃም ሳትፈቱ አትቀበሉ።

ጥያቄ (እናት፣ ጀጎል)፦ የውኃ ፓርክ እንገባለን። ተሸፋፍኖ መግባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ቡርኪኒ፣ ማለትም ሰውነት የሚሸፍነው የዋና ልብስ፣ ይፈቀዳል። የማይፈቀደው የጥጥ ልብስ ነው፤ ሽርጥ፣ ቲሸርትና ጂንስ በር ላይ ይመልሳሉ። እዚያው ያለው ሱቅ ውድ ነውና ለሁላችሁም የዋና ልብስ ከዚህ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ያዙ። ጨርቁ የሚሳብና ውኃ የማይዝ ይሁን፤ ብረት ዚፕና ቁልፍ ያለበትን ተንሸራታቹ ላይ አያስወጡም። ፎጣም ከቤት ይምጣ፣ ኪራዩ በየሰዉ ነው። የዕቃ ሳጥን ግን ለቤተሰቡ አንድ ትልቅ ተከራዩ።

ጥያቄ (አያት፣ ድሬዳዋ)፦ እኔ አልጫወትም፤ ለኔም ትኬት ይገዛል?

አባባ፣ ባይጫወትም በበሩ ለሚገባ አዋቂ ይከፈላል፤ ለአረጋውያን ቅናሽ ያለው ፓርክ ስላለ ዕድሜዎን ጠቅሰው ያስጠይቁ። ደግሞ ገና የማይጫወተው ሕፃን ካለ፣ አንዱን የፓርክ ቀን እርስዎና እሱ አፓርታማው ውስጥ ብትውሉ የእርስዎ ትኬት ይቀራል፣ ሕፃኑም ከድካም ይድናል።

ጥያቄ፦ ፓሪስ ዲዝኒላንድስ?

የሸንገን ቪዛ ብቻ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። አሻራ ለመስጠትም አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አለ። ዋናው ሐሳብ ልጆችን ማጫወት ከሆነ ዱባይ።

ጥያቄ፦ በቀሩት ቀናት ልጆቹን የት እናውላቸው?

በዱባይ ክሪክ ላይ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ በአብራ ጀልባ መሻገር ለአንድ ሰው 1 ድርሃም ነው፤ ልጆች ደጋግመው ይለምኑታል። የሕዝብ ባሕር ዳርቻዎች ነፃ ናቸው፤ በክረምት ከሄዳችሁ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ብቻ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ለምትሄዱ ግሎባል ቪሌጅ የሚባል የገበያና የመዝናኛ ሥፍራ አለ፣ መግቢያው ከትልልቆቹ ፓርኮች አንድ አሥረኛ አይሞላም። ልጆቹ ጨዋታዎቹን ካዩ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻ ነው የሚከፈለው፤ ከመግባታችሁ በፊት ለየልጁ ስንት ድርሃም እንደምትሰጡ ተስማሙና በእጁ ስጡት።