የእኔ ቅጽበት የአዛም ጨዋታ ነው
ወንድሜ፣ ከጣና ሞገዶቹ፣ ከእግር ኳስ ክለባችን ከባሕር ዳር ከተማ፣ ታሪክ የማንረሳው ቅጽበት የቱ እንደሆነ ጠይቀሃል። ብዙዎች በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደግንበትን ያነሳሉ፤ እውነት ነው፣ ትልቅ ደስታ ነበር። የእኔ ግን ነሐሴ 2015 ነው። በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ጨዋታው በከተማችን ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ መደረጉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመልሱ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፍንና ፍጹም ቅጣት ምት መጣ። ጣና ዳር ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ስልክ ከብበን ውጤቱን ስንጠብቅ፣ አንዱ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። ባሕር ዳር ከተማ አለፈ ሲባል ማን እንዳቀፈኝ እንኳ አላውቅም። በመጀመሪያው የአፍሪካ ተሳትፏችን እኮ ነው! በቀጣዩ ዙር «ክለብ አፍሪካን» የተባለው የቱኒዚያ ቡድን አሰናበተን፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳስበው አሁንም እንባዬ ይመጣል።