ከስልክ የሚበልጥ ትንሽ ካሜራ በአቅማችን፦ ጠይቁኝ

ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመርም መንገድ ላይም "ስልኬ ፎቶ አላምር አለኝ፣ በአቅሜ አንድ ትንሽ ካሜራ ልግዛ፣ የቱን ልያዝ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ደሴ ላይ ሰርግና ክርስትና ሳነሳ ዓመታት ሆኖኛል፣ ኪስ የሚገቡትን ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ ገዝቼ ሸጬ ለዘመድ መርጬ በደንብ አውቃቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ፣ ስትጠይቁኝ ስልካችሁ የቱ ላይ እንዳስከፋችሁ ንገሩኝ። ማታ ነው? ከሩቅ ነው? የሚሯሯጥ ልጅ ነው? እሱን ሳላውቅ የካሜራ ስም ብጠራላችሁ ብራችሁን ማስበላት ነው።

ከደሴ፣ ተማሪ፦ ወንድሜ የኔ ስልክ 50 ሜጋፒክሰል ነው፣ አንተ ግን ለጓደኛዬ የ20 ሜጋፒክሰል ካሜራ ግዛ ብለኸዋል። እንዴት 20 ከ50 ይበልጣል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሜጋፒክሰል ማለት ፎቶው ስንት ነጥብ ላይ ተከፋፈለ ማለት እንጂ ስንት ብርሃን ገባ ማለት አይደለም። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ጆግ ያስቀመጠና ሳፋ ያስቀመጠ ሰው እኩል ውሃ አያገኝም አይደል፣ እንደዛ በለው። የተለመዱት ርካሽ ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰራቸው 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ "አንድ ኢንች" የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ አባዛው፣ በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። (ስሙ አንድ ኢንች ይባል እንጂ ከጥግ ጥግ ቢለካ 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አጠራሩ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የቀረ ነው።) እና ልብ በል፣ ውድ የሚባሉት የዛሬ ስልኮች ሴንሰር ከርካሾቹ ካሜራዎች ይሰፋል፣ ስለዚህ ካሜራ ስለሆነ ብቻ ከስልክ ይበልጣል ማለት አይደለም። የሚበልጠው ወይ ሴንሰሩ ሰፊ ከሆነ፣ ወይ ሌንሱ በእውነት የሚያቀርብ ከሆነ፣ ወይ ፍላሹ እውነተኛ ፍላሽ ከሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱም ከሌለው ስልክህን ይዘህ ቁጭ በል።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ሱቅ አዲስ በካርቶን ያለ ካሜራ አየሁ፣ 4ኬ፣ 48 ሜጋፒክሰል፣ 16 እጥፍ ዙም ይላል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ልግዛው?

አትግዛው ወንድሜ፣ በአላህ አትግዛው። እኔ ለእህቴ ምርቃት ብዬ እንደዚህ አይነቱን ገዝቼ አንጀቴ አሯል። ግቢው ላይ ፀሐይ እያለ ደህና መሰለኝ፣ አዳራሽ ስንገባ ግን እህቴ ጋውን ለብሳ ወረቀቷን ስትቀበል ያነሳሁት ፎቶ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ብዥ ብሎ ዓይኗና ቅንድቧ አይለይም። እናቴ ያንን ፎቶ አሳጥባ ልትሰቅል ነበር፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እቤት መጥቼ ሜኑውን ሳገላብጥ ነው የገባኝ፣ ውስጡ ያለው ሴንሰር የድሮ ስልክ ሴንሰር የሚያክል ነው፣ 48 የሚለው ቁጥር ትንሹን ፎቶ በሶፍትዌር ለጥጦ የሚያመጣው ነው፣ ፎከስ አያደርግም፣ ዙሙም ፎቶውን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ። መለያው እንዲህ ነው፦ ዙም ሲባል ሌንሱ ወደ ውጭ ካልወጣ ወይም ካርቶኑ ላይ "ዲጂታል ዙም" ብቻ ከተጻፈ ትተኸው ውጣ። የታወቀ ብራንድ ያገለገለ ካሜራ ከዚህ አዲስ ካሜራ አሥር ጊዜ ይሻላል።

ከወልድያ፣ አንዲት እህት፦ እሺ ስም ጥራልን እንግዲህ፣ ያገለገለ ከሆነ የትኞቹን እንፈልግ?

እሺ እህቴ። በጀትሽ ጠበብ ካለ ካኖን ኤስ95 (2010) ወይም ፓናሶኒክ ኤልኤክስ7 (2012) ፈልጊ። ሁለቱም 10 ሜጋፒክሰል ናቸው፣ አይግረምሽ፣ ሴንሰራቸው ከተለመደው ርካሽ ካሜራ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ የኤልኤክስ7 ሌንስ ደግሞ ኤፍ 1.4 ድረስ ስለሚከፈት (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል) ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን የቡና ስነስርዓት ብታነሺበት ያስደስትሻል። አቅምሽ ከፍ ካለ ሶኒ አርኤክስ100፣ የመጀመሪያው፣ የ2012ቱ። አንድ ኢንች ሴንሰር ነው፣ 20 ሜጋፒክሰል፣ 240 ግራም ብቻ፣ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ይገባል። ለኔ ለገንዘቡ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ግን አንድ ጉድለት አለበት፣ ዙም ሳታደርጊ ኤፍ 1.8 ነው፣ ዙም ስታደርጊ ኤፍ 4.9 ይወርዳል፣ የሚገባው ብርሃን ሰባት እጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጨለማ ላይ ዙሙን ትተሽ በእግርሽ ቅረቢ። ሦስተኛው ስሪት አርኤክስ100 ማርክ 3 (2014) ዙም ተደርጎም ኤፍ 2.8 ላይ ስለሚቆም ለማታ ይሻላል፣ ካኖን ጂ7ኤክስም እንደዛው ነው፣ ግን እሱን ወጣቱ ሁሉ ለፋሽን ስለወደደው ዋጋው ከሚገባው በላይ ወጥቷል፣ እኔ አልመክርም። የምትገዢው የትኛውም ይሁን ብርሽን ጨርሰሽ ካሜራው ላይ አታውዪ፣ ለሁለተኛ ባትሪና ለጥሩ ሜሞሪ አስቀሪ።

ከመካነ ሰላም፦ እኔ ቦረና ሳይንት ፓርክ እመላለሳለሁ፣ ጭላዳዎቹን በስልክ ሳነሳ ድንጋይና ጭላዳው አይለይም። ለኔስ?

አንተጋ ነገሩ ይገለበጣል። ላንተ ሴንሰር ሳይሆን ሌንስ ነው የሚያስፈልግህ፣ ቀን ነው፣ ደጋ ነው፣ ብርሃን ሞልቷል። ካኖን ኤስኤክስ740 40 እጥፍ ያቀርባል፣ ፓናሶኒክ ቲዜድ70 እና ሶኒ ኤችኤክስ90 30 እጥፍ። ከሦስቱ ቲዜድ70ን ወይም ኤችኤክስ90ን እመርጥልሃለሁ፣ ምክንያቱም ዓይንህን የምታስጠጋበት መመልከቻ አላቸው፣ ፀሐይ ላይ ስክሪን አይታይም፣ ደግሞ ካሜራውን ፊትህ ላይ ስታስደግፈው እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ 30 እጥፍ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጭላዳውን ከፍሬሙ ያስወጣዋል። ጠዋት በጉም ወይም ሲመሽ ግን ከነዚህ ብዙ አትጠብቅ፣ ዙሙ ሲረዝም ኤፍ 6.4 እና 6.9 ድረስ ይጠባሉ። የሐይቅ ወፎችን ለምትጠይቁኝም መልሱ ይሄው ነው።

ከላሊበላ፦ የገና ሌሊት ጧፉን፣ ነጠላውን፣ ጠዋት ደግሞ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱን ማንሳት እፈልጋለሁ። ስልኬ ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል።

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፣ ትንሽ ላስረዝም። ስልክ ማታ ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ ይደርብና ጨለማውን ያበራዋል፣ ለመንገድ ለህንፃ ጥሩ ነው፣ ጧፍ ይዘው ለቆሙ ሰዎች ግን የሚያሳዝን ነገር ይሠራል፣ ጨለማው ይጠፋል፣ የሚንቀሳቀሰው እጅ ይደራረባል፣ የጠይም ሰው ፊት ነጣ ብሎ እንደ ሰም ይሆናል። አርኤክስ100 ካለህ ሞዱን ኤ ላይ (ኤፍን አንተ የምትመርጥበት) አድርገህ በኤፍ 1.8 እና በአይኤስኦ 1600 (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) ጀምር፣ ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/60 ሰከንድ እንዳይዘገይ እይ፣ ፍላሽ አጥፋ፣ የሰውን ጸሎት አትበጥብጥ፣ ያቺን ፎከስ ስታደርግ የምትበራዋን መብራትም ከሜኑ ውስጥ አጥፋት። ፋይሉን ራው (ካሜራው ሳይነካካው የሚያስቀምጠው) ላይ አድርገው፣ ቤት ገብተህ ቀለሙን ታስተካክለዋለህ።

ዋናው ግን ነጠላው ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ነው የሚታገለው። ሌሊት ከኋላ ጥቁር ሲሆን "ጨለመብኝ" ብሎ ያበራና ነጠላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ጥለቱ፣ ክሩ፣ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭነህ ማይነስ 0.7 አድርገው፣ ያኔ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠዋት ቤዛ ኩሉ ሲባል ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ከላይ አፋፉ ላይም ከታች ግቢው ላይም ፍሬሙ ሙሉ ነጭ ስለሆነ ካሜራው "በዛብኝ" ብሎ ያጨልምና የካህናቱ ፊት ይጠቁራል፣ እዛጋ ፕላስ 0.3 ወይም 0.7። ስንት ሰው ካሜራ ይቀይራል ይቺን ቁልፍ ሳይነካ።

አንድ ጨምርበት፣ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ሆነህ ሙሉውን ላንሳ ካልክ ከ24 ሚሊሜትር የሚጀምር ሌንስ ይሻልሃል (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ቦታ ያስገባል)፣ የመጀመሪያው አርኤክስ100 ከ28 ነው የሚጀምረው፣ ወደኋላ ልራቅ ብትል ደግሞ የጉድጓዱ ጠርዝ ራሱ ይከልልሃል።

ከደሴ፣ ጋሼ ብለው የጻፉልኝ፦ ያገለገለ ስንገዛ ምኑን ነው የምናየው? እንዳንሸወድ።

ጋሼማ እርስዎ ነዎት፣ እኔ ልጅዎ ነኝ። ሻጩን ቡና እንጠጣ ይበሉትና እዛው ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለው ይዩት፣ የሚቸኩል ሻጭ ከሆነ ይለፍዎት። መጀመሪያ ያብሩትና ጆሮዎን ያስጠጉ፣ ሌንሱ ሲወጣ አንድ ወጥ ድምፅ ነው የሚሰማው፣ ክርክር፣ ቆም፣ ክርክር ካለ ጥርሱ ተጎድቷል ወይ አሸዋ ገብቶታል። አሥር ጊዜ ያጥፉ ያብሩ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻ ያስወጡ ይመልሱ። "ሌንስ ኤረር" የሚል ጽሑፍ አንዴ ከመጣ ነገም ይመጣል፣ ማሠሪያው ከካሜራው ይወደዳል። ቀጥሎ ሞዱን ኤ ላይ (ካኖን ከሆነ ኤቪ) አድርገው ኤፍ 8ን ይምረጡና ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሱ፣ ፎቶውን አሳድገው ጥግ ጥጉን ይዩ፣ ጠቆር ያለች ክብ ነገር ካለች ሴንሰሩ ላይ አቧራ ተቀምጧል። የነዚህ ሌንስ ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስብ አቧራም ይስባል፣ ለማጽዳት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ይፈታል። ከዚያ የባትሪውን ክዳን ይክፈቱ፣ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውሃ ነክቶታል። በመጨረሻ የራስዎን ሜሞሪ ይዘው ይሂዱና እዛው ያነሱትን ቤት ወስደው በኮምፒውተር ይዩት፣ የካሜራዋ ስክሪን ትንሽ ስለሆነች ሁሉን ነገር ታሳምራለች። ቀብድ ሰጥተው ማታ ይወስኑ፣ ካሜራው የትም አይሄድም።

ከሐይቅ፦ 64 ጊጋ ሜሞሪ ገዛሁ፣ የአጎቴ የድሮ ካሜራ አላነበው አለ። ተበላሽቶ ነው?

አብሽር፣ አልተበላሸም። ከ2006 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ከ2 ጊጋ በላይ አያነቡም፣ ከዛ በኋላ የመጡት እስከ 32፣ 64ቱን የሚያነቡት ከ2010 ወዲህ ያሉት ናቸው በአብዛኛው። 16 ወይም 32 ግዛለት።

ከከሚሴ፦ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ ስሄድ መንዙማውን በቪዲዮ መቅረጽ እፈልጋለሁ፣ ካሜራ ይሻላል ስልክ?

እውነቱን ልንገርህ፣ ለቪዲዮ ብቻ ከሆነ ካሜራ አትግዛ። እነዚህ ትንንሾቹ አብዛኞቹ ማይክ መሰኪያ የላቸውም (ጂ7ኤክስ ማርክ 3 አለው፣ እሱ ውድ ነው)፣ ብዙዎቹም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሳቸው ያቆማሉ፣ መንዙማ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ላይ ገና መሞቁ ነው። ስልክህ ላይ አንድ ትንሽ ማይክ ጨምር፣ ከድቤው ራቅ አርገህ ወደ መሪው አስጠጋው፣ ድቤው ቅርብ ከሆነ ድምፁን ይሰነጥቀዋል። ካሜራ ካለህ ፎቶውን በሱ አንሳ።

ከባቲ፦ መብራት በፈለገው ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ባትሪ እንዴት ላርግ?

አርኤክስ100 ባትሪው ሳይወጣ በድሮ ስልክ ገመድ፣ በማይክሮ ዩኤስቢው፣ ቻርጅ ይሆናል፣ ፓወር ባንክ ይበቃሃል። ኤስ95 ግን ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ነው፣ ቻርጀር የሌለው አትግዛ። የሰኞ ገበያ ለማንሳት ከሆነ ደግሞ ካሜራውን ጎትተህ አትዙር፣ የግመሉ ተራ አቧራው ከባድ ነው፣ ላስቲክ ውስጥ አርገህ ስታነሳ ብቻ አውጣው። ከደሴ ብርድ ወደ ባቲ ሙቀት ስትወርድም ሌንሱ ላይ ላብ ይቀመጣል፣ ሳታወጣው ግማሽ ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ይሙቅ።

ከሀርቡ፦ በዚህ ብር ያገለገለ ትልቁን ካሜራ፣ ሌንሱ የሚቀየረውን፣ ብገዛስ?

በፎቶ ጥራት እሱ ይበልጣል፣ አልክድህም፣ ስቱዲዮ ልትከፍት ከሆነ እሱን ግዛ። ግን አንተ ያልከኝ ሰፈርህንና ቤተሰብህን ላንሳ ነው። ትልቁን ካሜራ ሳወጣ አያቴ ሻሿን ታስተካክልና ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ትንሿን ይዤ ስቀመጥ ግን ቡናዋን እየቆላች ታወራኛለች፣ እና የሳቀችበት ፎቶ ያለኝ በትንሿ ያነሳሁት ብቻ ነው።

ከመርሳ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ፣ የልጅ ልጆቼን ላንሳ ብዬ ነው፣ ሲሮጡ ሁሉም ይበላሽብኛል። ስልኬ ርካሽ ነው።

እትዬ፣ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ የስልክዎን ሌንስ በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉት፣ የእጅ ቅባት ይዞት ይሆናል። ሁለተኛ ልጆቹን ሳሎን ውስጥ ሳይሆን በረንዳው ጥላ ላይ ያጫውቷቸው፣ ብርሃን ሲበዛ ስልኩ ራሱ ይፈጥናል። እሱም ካልሆነ ኤስ95 ይበቃዎታል፣ ፍላሹ እውነተኛ ፍላሽ ስለሆነ ብልጭ ሲል ልጁን እየዘለለ አየር ላይ ያስቀረዋል፣ የስልክ መብራት እንደዛ አይችልም። ደሴ ሲመጡ ይጻፉልኝ፣ አብሬዎት ሄጄ የሌንሱን ድምፅ እሰማልዎታለሁ።